አርጅቶ የተወለደ ሌዘር

አሶሳ ላይ ሌዘር ጃኬት አውጥቶ መስቀል ድፍረት ይጠይቃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ትበል እንጂ የካቲትና መጋቢት ሲመጡ ከፍታው አያስጥላትም። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ውሻው ከቆመ ባጃጅ ጥላ ሥር አይነቃነቅም፤ ማንጎው ሥር ያለችው አግዳሚ ወንበር ከረፋዱ ጀምሮ ባለቤት አላት። እንዲህ ባለው ቀን ነው አንድ የሰልባጅ ነጋዴ በሽመል መደቡ ላይ ሸሚዙንና ቲሸርቱን ከምሮ ሲያበቃ፣ ከላይ ከጣሪያው እንጨት አንድ ቡናማ የቆዳ ጃኬት ያንጠለጠለው።

ጃኬቱ ክርኑ ላይ ነጥቷል። ትከሻው ላይ ቀለሙ ተገፏል። የኪሱ ጠርዝ ለብዙ ዘመን እጅ ሲገባና ሲወጣበት የኖረ ይመስላል። ሲገልጡት ገበሩ ላይ በርሜል፣ ጠርሙስና ባርኔጣውን ወደ ዓይኑ ያዘነበለ ሰውዬ ታትመዋል፤ ከሥራቸው «1920» የሚል ቁጥር አለ። በግራ በኩል ደግሞ ካልነገሩት በቀር እጅ በራሱ የማያገኘው ጠባብ ኪስ ተደብቋል።

አንድ ወጣት የባጃጅ ሾፌር መንገደኛ እስኪሞላለት ድረስ ጃኬቱን ይገላብጣል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ አልቋል።»

«አላለቀም። ሲሠራ ነው እንዲህ የተደረገው።»

«አዲሱን ልብስ አስረጅቶ የሚሸጥ ማን ነው ደግሞ?»

«ፈረንጅ ነዋ!»

ክርክሩ እዚህ ላይ አበቃ። ገበያ ውስጥ ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር ሁሉ በዚህች ቃል ይዘጋል። ነጋዴው 5,000 ጠራ፤ ልጁ ሳቀ፤ ነጋዴው ጃኬቱን ወደ ቦታው መለሰ፤ ልጁ ሄደ፤ ልጁ ተመለሰ። ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ጃኬቱ ከእንጨቱ ወርዶ ልጁ ጀርባ ላይ ወጣ። ላብ ግን ከዚያ ቀድሞ ወጥቶ ነበር።

ነጋዴው፣ ምንም እንኳ ለመሸጥ ብሎ የተናገረው ቢሆን፣ እውነቱን ነው። እንዲህ ያለ ጃኬት በሽማግሌነቱ የሚወለድ ነው። ቆዳው መጀመሪያ ፈዘዝ ባለ ቀለም ይነከራል፤ በላዩ ላይ ጠቆር ያለ ቀለም ይደረብበታል፤ ከዚያ ሠራተኛ ስፌት ስፌቱንና ክርን ክርኑን እየመረጠ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። የላይኛው ሲለቅ የታችኛው ብቅ ይላል። ሰም ይቀባል፣ ይታሻል፣ ይጨማደዳል። አንድ አናጺ ኻያ ዓመት ለብሶ የሚያደርስበትን ጉዳት ፋብሪካው ከሰዓት በፊት አድርሶበት ይጨርሳል። ለዚህ አገልግሎት ደግሞ ገዢው ተጨማሪ ይከፍላል። አሶሳ ውስጥ ሽመል ተሸክሞ የሚውል ሰው የሸሚዙን ትከሻ በነፃ እንዲህ ያደርገዋል፤ ማንም ግን «ያንን ሸሚዝ በስንት ትሸጠዋለህ?» ብሎት አያውቅም።

ጃኬቱ የሚመካበት ዘመን የአሜሪካ የመጠጥ ክልከላ ዘመን ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 8 ቀን 1912 ዓ.ም.፣ በእነርሱ ጃንዋሪ 17 ቀን 1920፣ የሕገ መንግሥታቸው 18ኛ ማሻሻያ ሥራ ላይ ዋለና አልኮል መጥመቅ፣ መሸጥና ማጓጓዝ ወንጀል ሆነ። ልብ በሉ፤ መጠጣት አልተከለከለም። ቀድሞ ገዝቶ ጓዳው ያከማቸ ሀብታም ዓይኑ እያየ መጠጣት ይችል ነበር። ሕጉ ክንዱን ያነሣው በጠማቂውና በሻጩ ላይ ነው። እንዲህ ሆኖ 13 ዓመት ከ10 ወር ዘለቀ። ኅዳር 26 ቀን 1926 ዓ.ም. 21ኛው ማሻሻያ መጣና 18ኛውን ሻረው። በዚያ አገር አንዱ ማሻሻያ ሌላውን ማሻሻያ እንዲህ ጠራርጎ የሻረው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አሜሪካ ጠርሙስ በምትሰብርበት በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ምን ትሠራ ነበር ቢባል፣ የቢራ ፋብሪካ ትከፍት ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ የተቋቋመው በ1915 ዓ.ም. ነው፤ ክልከላው ገና ሦስተኛ ዓመቱን ሳይደፍን። ታሪክ አንዳንዴ ሆን ብላ ትቀልዳለች።

ክልከላው የወለደው ብልሃት ግን ለአሶሳ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ለምሳሌ መድኃኒቱን እንውሰድ። ሕጉ ሐኪም ዊስኪ እንዲያዝ ይፈቅድ ስለነበር አሜሪካ በአንድ ጊዜ በሕሙማን ተሞላች። ሰው የሐኪም ወረቀት ይዞ ፋርማሲ ይሄድና በየ10 ቀኑ አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ይቀበላል። ይህን የሰማ የእኛ አገር ሰው ምን ይላል? ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት አረቄ ለጉንፋን፣ ጤና አዳም ያለበት ለሆድ፣ ምንም የሌለበት ደግሞ ለጤንነት! የሐኪም ወረቀቱ ብቻ ነው የቀረው።

ሌላው የወይኑ ነገር ነው። የካሊፎርኒያ ወይን አብቃዮች ጭማቂውን አጠንክረው እንደ ጡብ አድርገው መሸጥ ጀመሩ። ከጡቡ ጋር አብሮ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ዝነኛ ነው፤ ይህን በውኃ በጥብጠህ፣ እንስራ ውስጥ ጨምረህ፣ 20 ቀን ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳታስቀምጠው፤ አደራ፣ ወይን ጠጅ ይሆንብሃል የሚል መንፈስ ያለው። የጠጅ ጣይ ምስጢር እንዲህ በክልከላ መልክ ተጽፎ ሲሸጥ የታየው ያን ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ከሁሉ የሚበልጠው የላሚቱ ጫማ ነው። ጫካ ገብተው አረቄ የሚያወጡ ሰዎች በኮቴ ፈለጋቸው እየተያዙ ሲቸገሩ፣ እንደ ላም ኮቴ የተጠረበ እንጨት ጫማቸው ሥር እያሰሩ መሄድ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1924 የተነሣ ፎቶግራፉ ዛሬም አለ። ፖሊስ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ላም ነው ያለፈው። ላሚቱ ስንት እግር እንዳላት የሚቆጥር ፖሊስ ግን በኋላ በኋላ ሳይገኝ አልቀረም፤ ሁለት እግር ያላት ላም ሩቅ አትሄድም። በነገራችን ላይ የጃኬቱ አምራቾች ይህን ቢያስቡበት ኖሮ፣ ከላይ ቆዳ ከታች የላም ኮቴ አድርገው ሙሉ ልብስ ይሸጡ ነበር።

የተደበቀው ኪስም ከዚሁ ታሪክ የመጣ ነው። በኮንትሮባንድ መጠጥ የሚነግደው ሰው በእንግሊዝኛ «ቡትሌገር» የሚባለው ጠፍጣፋ ጠርሙሱን በቦት ጫማው አንገት ሸጉጦ ስለሚሄድ ነው። ቤቱ ደግሞ «ስፒክኢዚ» ይባላል፤ ቀስ ብለህ ተናገር እንደ ማለት ነው። በር ይንኳኳል፣ በቀዳዳ ዓይን ይታያል፣ የምስጢር ቃል ይጠየቃል። የእኛው ጠላ ቤት ግን ደጃፉ ላይ ረጅም እንጨት ተክሎ፣ ጫፉ ላይ ጣሳ ደፍቶ፣ ከሩቅ ና ይላል። የምስጢር ቃሉ «እንዴት ዋላችሁ» ነው።

አሁን ወደ ጃኬቱ እንመለስና አንድ የሚያሳፍር ነገር እንንገረው። ገበሩ ላይ የታተመው ሰውዬ እንዲህ ያለ ጃኬት አልነበረም የሚለብሰው። የዘመኑ ዋና ወንበዴ አል ካፖን ሙሉ ሱፍ ለባሽ ነበር፤ ያውም ደማቅ ቀለም ያለው ሱፍ፣ ባርኔጣና የሐር መሐረብ። ሌዘር ለእርሱ የሾፌር ልብስ ነው። መጨረሻውም የወንበዴ ፊልም አይመስልም። ያን ሁሉ ደም ጠቅሶ የያዘው አልተገኘም፤ እ.ኤ.አ. በ1931 የ11 ዓመት እስራት የተፈረደበት ግብር ባለመክፈሉ ነው። አሶሳ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል። ፖሊስ ያቃተውን ገቢዎች ሠራው!

ሌዘር ለባሹስ ማን ነበር? ብርድና ንፋስ የሚጠብሰው ሰው ነዋ። የጭነት ሾፌር፣ ሞተረኛ፣ አውሮፕላን አብራሪ። የአሜሪካ ጦር አየር ክፍል ኤ1 የተባለውን የአብራሪ ጃኬት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። በዓመቱ፣ በ1928፣ ኢርቪንግ ሾት የተባለ የኒውዮርክ ልብስ ሰፊ ለሞተረኞች ዚፕ ያለው ጃኬት ሠርቶ በሚወደው ሲጋር ስም «ፐርፌክቶ» አለው። ዋጋው 5 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 ደግሞ ዛሬ በየፊልሙ የምናየው ኤ2 መጣ። እንግዲህ የክልከላው ዘመን ሌዘር የሚባለው የእነዚህ ድብልቅ ነው፤ ወንበዴው የተጨመረው ለገበያ ነው።

የእነዚያ አብራሪዎች ዘመን ደግሞ ኢትዮጵያንም ነክቷታል፤ እዚህ ላይ ታሪኩ ከጃኬቱ ይበልጣል። አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ያረፈው በ1921 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ነው። በዓመቱ ከኒውዮርክ ሃርለም ሁበርት ጁሊያን የተባለ፣ «ጥቁሩ ንስር» እያለ ራሱን የሚጠራ፣ ትሪኒዳድ የተወለደ አብራሪ ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል መጣ። በዓሉ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት በልምምድ ላይ የንጉሡን ውድ አውሮፕላን አነሣና ከዛፍ ጋር አላተማት። ሰውየው ምንም አልሆነም። አውሮፕላኗ ግን ተሰባበረች፤ እርሱም ከአገር እንዲወጣ ተነገረው። ወዳጁም ጠላቱም ስለ አለባበሱ ሲያወራ የኖረ ሰው ነበር።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ከካፖን ከተማ ከቺካጎ ነው፤ ሥራው ግን ሌላ። ጆን ሮቢንሰን በዚያች ከተማ ጥቁር አብራሪዎችን ያደራጀ፣ መካኒክነትንም አብራሪነትንም የሚያውቅ ሰው ነበር። በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ አዲስ አበባ ገባ፤ ጥቂትና ያልታጠቁ አውሮፕላኖች የነበሩትን የኢትዮጵያን አየር ኃይል በጦርነቱ መራ። «ቡናማው ኮንዶር» ተባለ። ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ወጣቶችን አሠለጠነ፤ በ1954 እንደ እነርሱ አቆጣጠር በአውሮፕላን አደጋ ቆስሎ አዲስ አበባ ላይ ሞተ። ያ ዘመን በጃኬት ገበር ላይ መታተም ካለበት፣ የዚህ ሰው ፊት ቢታተም ለአሶሳው ልጅ ይስማማው ነበር።

ደግሞ አብራሪዎቹ ሌዘር የለበሱት ለማማር አይደለም። አውሮፕላኖቹ ክፍት ነበሩ፤ ሰማይ ላይ ንፋሱ አጥንት ይሰብራል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። አሶሳ አየር ማረፊያ ላይ የሚያርፈው አውሮፕላን አብራሪ በአጭር እጅጌ ነጭ ሸሚዝ ይወርዳል። ከበሩ ውጭ ቆሞ «ከተማ! ከተማ!» የሚለው የባጃጅ ሾፌር ነው ሌዘር የለበሰው። ምክንያት የለውም እንዳንል አለው፤ ባጃጅም ክፍት ናት። በታኅሣሥ ንጋት ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ የሚነዳ ሰው ንፋሱ በጎኑ ይገባል። ችግሩ ንጋቱ አጭር መሆኑ ላይ ነው። አራት ሰዓት ላይ ጃኬቱ ምድጃ ይሆናል፤ ማውለቅ ደግሞ የሰጡትን 3,800 ብር ማውለቅ ነው። (መጨረሻ ላይ የተስማሙበት ዋጋ እርሱ ነው።)

ቆዳው የማን ቆዳ ነው የሚለውም ጥያቄ አለ፤ እዚህ ላይ ወጉ ትንሽ ይመርራል። ልጁ የገዛው ጃኬት ለስላሳ ነው፤ የበግ ነው። አንድ ጃኬት ስድስት ሰባት በግ ይፈልጋል። እንግዲህ የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ ሲባል የሰማነው በቅዱስ መጽሐፍ ነበር፤ የወንበዴ ሥዕል በበግ ቆዳ ላይ አትሞ መሸጥ ግን ምሳሌውን ቃል በቃል መፈጸም ነው። ሌላው ነገር፣ የኢትዮጵያ ደጋ በግ ቆዳ ቀጭንና ጠንካራ በመሆኑ በዓለም ገበያ በተለይ ለጓንት የሚፈለግ ነው። የባቲ ፍየል ቆዳም በራሱ ስም ይሸጣል። አሶሳ ዙሪያ ባሉት በቁጥር በሚጠሩት የሠፈራ መንደሮች ከወሎ የመጣ ሰው ሞልቷል፤ አባቶቹ ባቲ ገበያ ፍየል የነዱ ሰው እዚህ ሰልባጅ መደብ ሥር ቆሞ ከባሕር ማዶ የመጣ ቆዳ ዋጋ ይከራከራል።

መንግሥት ቆዳው ጥሬውን እንዳይወጣ ብሎ በ2000 ዓ.ም. በጥሬ ቆዳና ሌጦ ላይ 150 በመቶ የወጪ ቀረጥ ጣለ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በከፊል የተሠራውንም ጨመረው። ሐሳቡ ጃኬቱ እዚሁ ይሰፋ የሚል ነበር። ግን ቆዳ ከፋብሪካ በር ላይ አይጀምርም። በጉ በሕይወት ሳለ ቅማሉና መዥገሩ ይነክሰዋል፤ ነጋዴው «እከክ» የሚለው ነጠብጣብ ጠጉሩ ሥር ተደብቆ ይቆይና ቆዳው ሲለፋ ብቅ ይላል። ከዚያ በዓል ይመጣል። አባወራው ራሱ አርዶ ራሱ ይገፋል፤ እጁ ከመሳቱም በላይ ልጆቹ ሆድ ዕቃውን ለማየት ይገፈታትሩታል፤ ቢላው ቆዳውን ሁለት ሦስት ቦታ ይወጋዋል። ጨው ሳይነካው ውሎ ያድራል። ድሮ በበዓል ማግሥት «ቆዳ! ቆዳ!» የሚል ሰው መንደሩን ይዞር ነበር። ባለፉት ዓመታት ዋጋው ወድቆ ወድቆ ቆዳው ጉድጓድ ውስጥ ሲጣል ታየ። በከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ የሆነ አገር ቆዳውን ለውሻ ሰጥቶ የሰው ሰልባጅ ይለብሳል። ይህን ለመሳቅ የዚህ ወግ ጸሐፊ አቅም የለውም።

ለነገሩ የቆዳ ልብስ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ምንድን ነው? ከነጠጉሩ ያለ፣ ዚፕ የሌለው፣ በዝናብም በብርድም አንድ የሆነ የበግ ቆዳ ነው። ያረጀው ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ሳይሆን በውሻ፣ በዱላና በ«ስለ ማርያም» ነው። ደበሎ ለባሹን አይተው «ስታይልህ ያምራል» ያሉት ሰዎች ግን አልተመዘገቡም።

ወደ ክልከላው ስንመጣ፣ አሶሳ ያንን ነገር ለማወቅ አሜሪካ መሄድ አያስፈልጋትም። ወደ ምዕራብ ትይ። ከከተማዋ ተነሥቶ በሆሞሻ አድርጎ ኩርሙክ የሚደርስ መንገድ አለ፤ ከኩርሙክ ማዶ ሱዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ መጠጥ ከለከሉና በካርቱም ስንትና ስንት ጠርሙስ ወደ ናይል ተደፋ። ያ ውኃ አብዛኛው ከእኛው ከዓባይ የሄደ፣ በዚሁ ክልል በጉባ በኩል ያለፈ ነው፤ ዓሣው ምን እንደተሰማው የጻፈ የለም። ክልከላው ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች የላላው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ 37 ዓመት፣ ከአሜሪካው ሁለት እጥፍ ተኩል በላይ። በእነዚያ ዓመታት ሱዳን ውስጥ ከቴምር አረቄ የሚያወጡ ሴቶች ታሰሩ፣ ተገረፉ፤ ተመልሰው ጣዱ። የእነርሱን ሥዕል ግን በጃኬት ገበር ላይ ያተመ የለም። የቺካጎው ነው ጌጥ የሆነው። ዛሬ ደግሞ በኩርሙክ በኩል የሚሻገረው ጠርሙስ የያዘ ሳይሆን፣ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከተቀጣጠለው ጦርነት የሸሸ፣ ሕፃን ያዘለ ሰው ነው።

አሶሳ ራሷ እንዴት ታድራለች ለሚል፣ በየቤቱ ነው መልሱ። የበርታው ቤት ቀይ ከርከዴ ቀርቦ ሻዩ በስኳር ይጠጥራል፤ አረቄ የሚባል ነገር ደጁን አይረግጥም። ሁለት አጥር አልፎ ያለው ጎረቤት ደግሞ ጠላውን ጠምቆ ገንቦውን ከድኗል። ሠርግ ሲሆን ሁለቱም ይጠራራሉ፤ ለየብቻ ይታረዳል፤ ለየብቻ ይቀዳል፤ ጭፈራው ግን አንድ ላይ ነው። ለዚህ የወጣ ማሻሻያ የለም፤ 18ኛውም 21ኛውም። አገራችን በ2011 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ የመጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥታለች፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከልክላለች። ከዚያ ያለፈው ለጎረቤት የተተወ ነው።

ኮንትሮባንዱም ቢሆን ጃኬቱ ገበር ላይ መፈለግ አያስፈልግም፤ ጃኬቱ ራሱ ነው። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት የተከለከለ ነው። ስለዚህ ይህ የ1920 ወንበዴ ሥዕል ያለበት ሌዘር፣ በሌላ ሰልባጅ መካከል ተጨምቆ፣ ቦንዳ ሆኖ፣ በሌሊት ተጭኖ፣ ድንበር አቋርጦ ነው የመጣው። የቺካጎው ጀግና ያደረገውን ሁሉ ጃኬቱ ራሱ አድርጎታል። ይህን ታሪክ ግን ሻጩ አይናገርም፤ «ኦሪጅናል ነው» ብቻ ይላል።

የተደበቀችውንስ ኪስ ልጁ ምን አደረጋት? ፈረንጁ ለዊስኪ ብሎ የሰፋት ኪስ ጠባብ ናት፤ ለጠፍጣፋ ጠርሙስ ልክ ናት። ሾፌሩ መንጃ ፈቃዱን፣ የባጃጇን ሊብሬና በሦስት የታጠፈ የእቁብ ብር ጨመረባት። አንድ ቀን ትራፊክ አስቆመው። ልጁ እጁን ወደ ብብቱ ሲልክ ትራፊኩ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ። ሌዘር፣ ጥቁር መነጽር፣ እጅ ወደ ብብት፤ ይህ አገር እንዲህ ያለ ሰው ሲያይ የሚያስበው ስለ መጠጥ ኮንትሮባንድ አይደለም። መንጃ ፈቃዱ ሲወጣ ሁለቱም ተነፈሱ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። አሶሳ ላይ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንባል፤ ቆዳ ደግሞ እርጥበት አይወድም። ጃኬቱ ግድግዳ ላይ ሦስት ሳምንት ተሰቅሎ ሰነበተና አንገትጌው ላይ አመድ የመሰለ ሻጋታ አበቀለ። የልጁ እናት አዩት። እሳቸው ከወሎ በሠፈራ የመጡ፣ ልጃቸው የተቀደደ እንዳይለብስ ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው። ጃኬቱን አውርደው ወደ ብርሃን ያዙት። ክርኑ የነጣ፣ ትከሻው የተላጠ፣ የኪሱ ጫፍ ያለቀ።

«ይሄን ለብሶ ነው ሰው ፊት የሚውለው?» አሉ፤ ለማንም አይደለም።

ዝናቡ ሲያባራ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ጃኬቱን በፌስታል ጠቅልለው መናኸሪያው ጋ ወዳለው ሊስትሮ ወሰዱት።

«እማማ፣ ጫማው የታለ?»

«ጫማ አይደለም። ይሄን አሳምርልኝ።»

ሊስትሮው ጃኬቱን ሣጥኑ ላይ ዘረጋው። ሻጋታውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ። ቀጥሎ ጥቁሩን ቀለም ከፈተ። በመጀመሪያ ክርኑን፣ ቀጥሎ ትከሻውን፣ ከዚያ ኪሱን ለቀለቀው፤ ብሩሹን አነሣ፣ ግራና ቀኝ አስኬደው፣ ሣጥኑን ቀጭ አድርጎ እንደ ልማዱ «ቀይር» አለ። እናትየው ጃኬቱን አገላበጡለት። በጨርቅ ወለወለው። ቡናማው ጃኬት ጥቁር ሆነ፤ የተላጠው ሞላ፤ ያረጀው ታደሰ፤ እንደ አዲስ ጫማ አበራ። የባሕር ማዶው ፋብሪካ ሲፈገፍገው የዋለውን ሁሉ ለመሸፈን ኻያ ደቂቃ አልፈጀም።

ልጁ ማታ ሲገባ ጃኬቱ አልጋው ላይ ተዘርግቶ ጠበቀው። ሊስትሮው ያስከፈለው የአንድ ጥንድ ጫማ ሒሳብ ነው፤ ለእጅጌዎቹ ግን «እነዚህ ቦት ናቸው እማማ» ብሎ ጭማሪ ተቀብሏል።